እትዬ ሲቲና ሹፌር አልባው መኪና

ሰው ተሳፍሮ በሚሄድበት አገር ሁሉ አንድ የማይሳፈር ሰው አለ። መኪና ከሚቆምበት አጠገብ ይቆምና የሚሄደውን ሰው እየመረጠ ይመለከታል። ማን ወዴት እንደሚሄድ፣ መቼ እንደሚመለስ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ እጁ ባዶ መሆኑን ያውቃል። ከዚያ ፈገግ ብሎ ይጠጋና "እግረ መንገድህን..." ይላል። ይህችን ቃል የሰማ መንገደኛ አለቀለት።

የእኛ አንኮበር የእነዚህ ሰዎች ሁሉ የበላይ አላት፤ ክብርት ወይዘሮ ሲቲ። ተወልደው ያደጉት ቆላ፣ አልዩ አምባ ነው። ጨርቅና ቅመም እየነገዱ ወደ ደጋው ከወጡ ግን ብዙ ዘመናቸው ነው። ሱቃቸው መኪና ከሚጠበቅበት ቦታ ፊት ለፊት ነው። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም።

እኔ ሥራዬ ደብረ ብርሃን ነው። ቅዳሜ እናቴን ለማየት እመጣለሁ፤ እሁድ ጠዋት እመለሳለሁ። ስለዚህ ለእትዬ ሲቲ የእሁድ ሰው ነኝ፤ የሌሎቹን ቀኖች ሰዎችም ለይተው ያውቋቸዋል። በእሁድ ሰውነቴ ያልተሸከምኩት ነገር የለም። በርበሬ ተሸክሜ ሚኒባሱን ሙሉ አስነጥሼአለሁ። ቅቤ ይዤ ሱሪዬን ቀብቼአለሁ። አንዴ ደግሞ ያቀፍኳት ዶሮ መንገድ ላይ ጭኔ ላይ እንቁላል ጣለች፤ እንቁላሉንም ከነዶሮዋ አስረክቤአለሁ።

ዕቃ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። "እግረ መንገድህን ያንን ልብስ ሰፊ ተቆጣልኝ" ብለውኝ፣ አይቼው የማላውቀውን ሰው ሱቁ ድረስ ሄጄ ተቆጥቼአለሁ። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ፤ ስጨርስም በእኔው ይቅርታ ላከላቸው። ሌላ ጊዜ "ለቅሶ ድረስልኝ" ተብዬ የማላውቃቸው ሰዎች ድንኳን ውስጥ ተቀምጬአለሁ። አጠገቤ የነበሩ ሽማግሌ "ሟቹን በምን ታውቀው ነበር?" ቢሉኝ "የላኩኝ ሰው ያውቋቸዋል" አልኩ። ሽማግሌው ትንሽ አሰቡና "ሲቲ ናት አይደል?" አሉኝ።

ለምን ራሳቸው አይሄዱም? መኪና አይስማማቸውም። ሴት ልጃቸው ሱልጣና አግብታ ደብረ ብርሃን የገባች ሰሞን ሊጠይቋት ተሳፍረው ነበር። የመጀመሪያዎቹ ኩርባዎች ላይ አስመለሳቸው፤ ወርደው በእግራቸው ወደ ቤት ተመለሱ። የያዙትን ጥቅል ግን ለተሳፋሪ አደራ ሰጥተውት ነበር። ዕቃው ሄደ፣ እሳቸው ቀሩ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ሁሉ እንደዚያው ቀጠለ።

አንድ ነገር ግን ቆይቶ ነው የገባኝ። ስመለስ "ዕቃው ደረሰ ወይ?" ብለውኝ አያውቁም። የሚጠይቁኝ ስለ ሱልጣና፣ "ፊቷ እንዴት ነው?" ብለው ነው። መጀመሪያ ሰሞን "ደህና ናት" እል ነበር።

"ደህና ናትማ በስልክም ሰምቻለሁ" አሉኝ። "ከስታለች ወይ? ዓይኗ ሥር ጠቁሯል ወይ?"

"በስልክ ፊቷን እያዩ ሊያወሯት ይችሉ የለ?"

"አይቼዋለሁ። ስልክ ሰውን ያሳምራል፤ አላምነውም።"

ሱልጣናም የእናቷ ልጅ ናት። ጥቅሉን ከእጄ ሳትቀበል "እማዬ እንዴት ናት? ፊቷን አየኸው?" ትለኛለች። እኔም እዚያ የዚህችን፣ እዚህ የዚያችን ፊት ሳወራ ከረምኩ።

ዘንድሮ ሱልጣና የመጀመሪያ ልጇን አረገዘች። የእትዬ ሲቲ ጭንቀት ያን ጊዜ ጀመረ። የገንፎ ዱቄቱን፣ አብሹን፣ ማሩን በእኔ ላኩት። አንድ እሁድ ግን ሱቃቸው ደጃፍ ላይ ቆመው፣ ቀስ ብለው "ምጧ ሲመጣ አጠገቧ መሆን አለብኝ። ይህን ደግሞ በማን እልከዋለሁ?" አሉኝ።

የዚያን ዕለት ነው እንግዲህ ሹፌር አልባው መኪና አንኮበር የገባው፤ በእኔ ስልክ። ሚኒባሱ እስኪሞላ ስንጠብቅ ለሹፌራችን ለጋሽ ወልደ ሰንበት ቪዲዮ አሳየሁት። መሪው ብቻውን ይዞራል፤ ወንበሩ ላይ ማንም የለም።

"በውጭ አገር ታክሲ ሆኖ ሰው እያመላለሰ ነው" አልኩት። "አያንቀላፋ፣ ጫት አይቅም፣ ስልክ አያነሣ። ኩርባ ላይ አይቀድም። ለሦስት በተሠራ ወንበር አራት ሰው አይጭንም።"

ጋሽ ወልደ ሰንበት የመጨረሻዋ ነካችው። "አራተኛው ሰው ሜዳ ላይ ይደር?" አለኝ። "ለመሆኑ ጉም ሲወርድ በምን ያያል?"

"ካሜራ አለው፣ ራዳር አለው።"

"ክረምት ናዳ መንገዱን ሲዘጋውስ?"

"ይቆማል።"

"እኔም እቆማለሁ። ከዚያ ወርጄ ከሰዉ ጋር ድንጋይ አነሣለሁ። እሱስ?"

እሱስ ምን እንደሚያደርግ ቪዲዮው አይናገርም። ጋሽ ወልደ ሰንበት ቀጠለ። "ሰው ቢገጭ ማን ይጠየቃል? እኔስ ልጆቼን በምን አበላለሁ?" ሲል እየሳቀ ነበር፤ ንጹሑን የመኪናውን መስታወት ግን ደጋግሞ ይወለውለው ጀመር። ያሳየሁት ቆጨኝ።

እትዬ ሲቲ ጥቅላቸውን ይዘው ደረሱና ስልኩን ወደ ዓይናቸው ጠጋ አድርገው አዩት።

"ያስመልሳል?" የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ይህ ነበር።

"እንደ እኛ መኪና በድንገት ፍሬን አይዝም፣ አይወረወርም። ለእርስዎ ሳይሻል አይቀርም።"

"የሹፌሩ ወንበርስ?"

"ባዶውን ነው።"

ጥቅላቸውን አዩ፤ ባዶውን ወንበር አዩ። በዓይናቸው ጆንያ ሲጭኑ ታየኝ። ከዚያ ግንባራቸው ተቋጠረ።

"ሲደርስ ማን ይሰጣታል?"

"ሱልጣና ራሷ በስልኳ በሩን ከፍታ ትወስዳለች።"

"ፊቷንስ ማን ያይልኛል?"

"ካሜራ አለው አልኩዎት እኮ።"

"መጥቶ 'ከስታለች' ይለኛል?"

እትዬ ሲቲ ፍርዳቸውን ሰጡ። "እንግዲያው መኪናው ራሱ ይንዳ፤ ወልዴም ከላዩ ይቀመጥ።" ጋሽ ወልደ ሰንበት ደመወዙ እስካልተነካ ድረስ እስማማለሁ አለ።

ሌላ እሁድ ጠዋት ከሱቃቸው ሲወጡ እጃቸው ላይ ጥቅል የለም። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጃንጥላና ሎሚ ይዘዋል። ፊታቸው አመድ መስሏል።

"ሱልጣናን ሌሊቱን ሆስፒታል አስገብተዋታል" አሉኝ። "እግረ መንገድህን እኔን አድርስልኝ።"

ባለቤታቸው ጋሽ ዓብዱራህማን ሱቁ በር ላይ ቆመው ያያሉ። ዝምተኛ ሰው ናቸው፤ እጃቸውን ብቻ አነሡ። ጋሽ ወልደ ሰንበት እትዬ ሲቲን ጋቢና አስገባ፣ እኔን አጠገባቸው አስቀመጠ፣ ሲጮህ የነበረውን ቴፕ ዘጋ። ያን ዕለት በዚያ መንገድ እንዲያ ተጠንቅቆ የነዳ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ያኔ የወረዱበት ኩርባ ላይ ስንደርስ ማንም ሳይናገር መኪናው ጥግ ይዞ ቆመ።

"ምነው?" አለ ከኋላ አንድ ቦርሳ የያዘ ሰው።

"ፊታቸው ሲለወጥ አይቼ ነው" አለ ጋሽ ወልደ ሰንበት።

እትዬ ሲቲ ወርደው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሎሚያቸውን እያሸተቱ ቁልቁል ወደ ቤታቸው ተመለከቱ። እዚያው ያበቃል ብዬ ፈራሁ።

"ያ አላህ፣ ልመለስ ይሆን?" አሉ።

ጋሽ ወልደ ሰንበት ሞተሩን አጠፋ። "እስኪሻልዎ አንነቃነቅም" አላቸው።

ባለ ቦርሳው ግን አላስቻለውም። "እኔ እኮ ሰላ ድንጋይ ድረስ ነኝ፤ ከደብረ ብርሃን የምቀጥልበት መኪና ያመልጠኛል" አለ።

እትዬ ሲቲ ቀና አሉ። "ሰላ ድንጋይ? ማርያም ሠፈር ታውቃለህ?"

"እዚያው ነው ቤቴ።"

"እንግዲያው እግረ መንገድህን..." አሉና ተነሡ።

ተመልሰው ሲገቡ ጋቢናውን ትተው ባለ ቦርሳው አጠገብ ተቀመጡ። እዚያ ላለች የድሮ ደንበኛቸው ሰላምታ፣ ከሰላምታው በኋላ ወቀሳ፣ ከወቀሳው በኋላ የልጇን ሠርግ ሰምተው ደስ እንዳላቸው ላኩ። ሰውየው እንዳይረሳ መልሰው መላልሰው አስጠኑት። ደብረ ብርሃን ስንገባ መታመማቸውን ረስተውት ነበር።

ሆስፒታሉ በር ላይ ቀድሜ ገባሁ፤ እትዬ ሲቲ "ቆይ፣ ገርጥቻለሁ፣ ትደነግጣለች" ብለው ፊታቸውን በነጠላቸው ይጠርጉ ነበር። ሱልጣና ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች፤ ምጡ ያዝ ለቀቅ ያደርጋታል። እኔን ስታይ እንደ ልማዷ ወደ እጄ ተመለከተች። እጄ ባዶ ነበር።

"ዘሥላሴ" አለች እየተነፈሰች፣ "እማዬ እንዴት ናት? ፊቷን አየኸው?"

"ዛሬስ ራስሽ እይው" አልኳትና ከበሩ ዘወር አልኩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አልናገርም፤ እኔም ወደ ግድግዳው ዞሬ ነበር።

ከቀትር በኋላ እትዬ ሲቲ በነጠላ የተጠቀለለች ልጅ ታቅፈው ወጡ። "አልሐምዱሊላህ፣ ሴት ናት። ና፣ ደህና አድርገህ እያት" አሉኝ። አየኋት። ቀይ ናት፣ ግንባሯ ተቋጥሯል፣ አንድ እጇን ከነጠላው አውጥታ የሆነ ነገር የምትልክ ትመስላለች።

"ቅዳሜ ስትሄድ፣ እግረ መንገድህን ለዓብዱራህማን ንገርልኝ። ደውዬለታለሁ፤ ግን ደህና ናት ብቻ ነው ያልኩት። ግንባሯን ንገረው። ሲሰማ ፊቱ እንዴት እንደሚሆንም እይልኝ።"

"እሺ" ብዬ ወጣሁ። ቤቴ እዚያው ቅርብ ነው፤ ሰኞ ሥራ አለኝ፤ ቅዳሜም ሩቅ ነው። መናኸሪያው ስደርስ ጋሽ ወልደ ሰንበት ወደ አንኮበር የሚመለስ ሰው እየጫነ ነበር። ጋቢናውን ከፍቼ ገባሁ።

"ምን ረስተህ ነው?" አለኝ።

"ምንም" አልኩት። "እግረ መንገዴን ነው።"