ወይዘሮ ብሉልኝና እምቢተኛው ዓሣ

«ጠግቤያለሁ» የሚል ሰው ሁሉ ውሸታም ነው ብለው የሚያምኑ ሴቶች በየቤቱ አሉ። አንዷ አክስት ትሆናለች፣ አንዷ ጎረቤት፣ አንዷ የጓደኛ እናት። መልካቸው ይለያይ እንጂ እጃቸው አንድ ነው፤ ሳህን ጎደል ሲል ካዩ ጭልፋው ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ይሞላል። እንዲህ ያለች ሴት አላጋጠመችኝም የሚል ካለ ሆዱ ይታዘበው።

ለአንድ መነጽር ሠሪ የደረሱት ግን የሁሉም የበላይ ናቸው፤ የሚስቱ እናት። ሰፈሩ በሙሉ ክብርት ወይዘሮ ብሉልኝ ይላቸዋል። ፊት ለፊት ግን ደፍሮ የሚጠራቸው የለም፤ ከጠራቸው ቁጭ ብሎ መብላቱ ነዋ! ጉልበታቸውን ሊታከሙ ጥቂት ቀን ልሰንብት ብለው ከመጡ ወዲህ የአማቻቸው የሱሪ ቁልፍ አልደርስ ብሏል። ቆጣሪ ሊያነብ የመጣው ሠራተኛ ቆጣሪውን ሳያይ ጠግቦ ሄዷል። ቧንቧ ጠጋኙማ ሥራውን ጨርሶ ሊወጣ ሲል ተይዞ፣ ሳህን በሳህን ላይ ሲተካለት ቆይቶ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ጣለው። ሚስቱ ደውላ ነው የቀሰቀሰችው።

መሣሪያቸው ሁለት ቃል ነው፤ «በሞቴ» እና «አፈር ስሆን»። የመጀመሪያውን የተቋቋመ ሰው አለ ይባላል። ሁለተኛውን ግን እዚህ ቤት እስኪመጡ ድረስ ማንም አላለፈውም ነበር።

ዓሣው ነው ያለፈው።

ማንዳሪን ይባላል። መነጽር ሠሪው ሳሎኑ ጥግ ባቆማት ትንሽ የጨው ውሃ ገንዳ ውስጥ፣ በኮራሉና በድንጋዩ መካከል የሚኖር፣ ከአውራ ጣት ብዙም የማይበልጥ፣ ሰማያዊና ብርቱካናማ መስመር የተጥመለመለበት ጉድ ነው። ሰውየው ቀኑን ሙሉ የሰው ዓይን ሲለካ ይውልና ማታ የራሱን ዓይን የሚያሳርፈው እሱ ላይ ነው። ዓሣ ሻጩ፣ «ይሄ ምግብ መራጭ ነው፤ ገንዳህም ጠባብ ናት፤ ይቅርብህ» ብሎት ነበር። ልቡ የሄደ ሰው ግን ምን ይሰማል?

ወይዘሮ ብሉልኝ ገንዳው ፊት ወንበር ስበው ተቀመጡና ብዙም ሳይቆዩ ፍርዳቸውን ሰጡ።

«ይሄ ልጅ አልበላም።»

«ቀኑን ሙሉ እየለቀመ እኮ ነው እማማ» አለ መነጽር ሠሪው። «ድንጋዩ ላይ ጥቃቅን ነፍሳት አሉ፤ ምግቡ እነሱ ናቸው።»

«የታሉ?»

ከሥራ ቦታው ያመጣውን አጉሊ መነጽር ሰጣቸው። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው መስታወቱን ዳሰሱ፣ ፈለጉ፣ በመጨረሻ ሁለት ሦስት ነጥብ ሲሳብ አዩ።

«ይሄማ አቧራ ነው! ወይኔ ልጄ፣ በቤትህ አቧራ ታበላዋለህ?» ቀጥለው ግን ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ሆዱን እየው እስቲ። ገብቷል እኮ።»

አየው። ከጭንቅላቱ ኋላ ሆዱ እንደ ባዶ ኪስ ተጣብቋል። ያቺ ጠባብ ገንዳ የያዘችውን ነፍሳት ዓሣው ለቅሞ ጨርሷል፤ ከእንግዲህ የሚለቅመው ልማዱን ነው። መነጽር ሠሪው ለሰው ሁሉ ዓይን መፍትሔ ሲሰጥ፣ በየማታው አፍጥጦ የሚያየውን ረሀብ ሳያይ ከርሟል። ምግብ ካልተገኘለት ያ የሚያምር ፍጡር እዚያው ፊቱ ከስቶ ሊሞት ነው። ደነገጠ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ የጨው ውሃ በሞላ ጠርሙስ ውስጥ ሽሪምፕ የሚባሉ ጥቃቅን የባሕር ፍጥረታት ከእንቁላል ያስፈለፍል ጀመር። ገንዳው ውስጥ ሲለቃቸው ግን ወገባቸውን በነጭ መስመር ቀበቶ የታጠቁ ሌሎች ሁለት ብርቱካናማ ዓሦች አብረውት አሉ፤ የሠርግ ቤት አሳላፊ የሚያማርሩ ዓይነት ሆዳሞች። ማንዳሪኑ አንዷን ሽሪምፕ ያያል፣ ያስባል፣ ዘንበል ይላል፣ እንደገና ያስባል። እሱ እስኪወስን ድግሱ አልቋል።

ወይዘሮ ብሉልኝ ይህን ዝም ብለው ማየት አልቻሉም። «በሞቴ» አሉት፣ «አፈር ስሆን» አሉት፤ ዓሣው ንቅንቅ አላለም። አማቻቸው ሥራ ላይ ሳለ ወጥ ቤት ገብተው እንቁላል ቀቀሉ፤ አስኳሉን ፈርፍረው ገንዳው ውስጥ በተኑት፤ ትንሽ መስሎ ስለታያቸውም ደገሙ። መነጽር ሠሪው ሲመለስ ውሃው ወተት መስሏል፣ ዓሦቹም አፋቸውን ወደ ላይ አድርገው ያለከልካሉ።

«እማማ! በዚህ ቤት ያለውን ፍጥረት ሁሉ ይመግቡ፤ ዓሣዬን ግን ይተዉልኝ!» አለ፤ ጮኸባቸው ማለት ይቀላል።

ሚስቱ በዓይኗ ቆነጠጠችው። እሱ እስኪመሽ ድረስ ውሃ ሲቀዳና ሲቀይር ቆየ። እራት ላይ ሳህኑን ግማሽ አድርጎ ተወው፤ «በሞቴ» የሚለው አልነበረም። ስንት ጊዜ የተመኘው ነፃነት አልጣመውም።

በማግስቱ ይቅርታ ሊጠይቅ ቀደም ብሎ ቢነሳ፣ ወይዘሮ ብሉልኝ ገንዳው ፊት ቆመዋል። በአንድ እጃቸው የታጠበ የማርማላታ ብርጭቆ፣ በሌላው የለስላሳ መጠጫ ቀሰም ይዘዋል።

«ሚስትህ ልጅ ሆና እንዲሁ ነበረች» አሉ ዞር ሳይሉ። «አንዱን እስክታላምጥ ወንድሞቿ ሳህኑን ይጠርጉታል። በር ዘግቼ ለብቻዋ ነበር የማበላት። ለዚህም ክፍል ስጠው።»

መነጽር ሠሪው ብርጭቆውን ተቀብሎ ገንዳው ውስጥ አሸዋው ላይ በጎኑ አጋደመው። እሳቸው ሽሪምፖቹን በቀሰሙ እየሳቡ ወደ ውስጥ ለቀቋቸው። ባለ ቀበቶዎቹ ዙሪያውን ዞሩ፤ ጠባቡ አፍ ግን አስፈራቸው። ማንዳሪኑ በክንፉ እየዳኸ መጣና ደጃፉ ላይ ቆመ። ማሰብ ጀመረ።

«ግባ በሞቴ» አሉት ክብርት ወይዘሮ፣ በሹክሹክታ። «አፈር ስሆን!»

አሰበ። ገባ። አንዷን ለቀም አደረገ፤ ከዚያ ሌላዋን። ወይዘሮ ብሉልኝ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው እንባቸው ወረደ። መነጽር ሠሪውም መነጽሩን አውልቆ ይጠርግ ጀመር፤ መነጽሩ ግን ንጹሕ ነበር።

ቀን በቀን እንዲሁ ሆነ። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሴት ቀሰም ይዘው ሲቆሙ ሕመሙን ይረሱታል። የዓሣው ሆድ ሞላ፤ የአማቻቸውም እንደዚያው። ከዚያ ሐኪሙ ጨርሰናል አለ፣ ሌላዋ ልጃቸውም ደግሞ ወደ እኔ አትመጭም ወይ እያለች ትወተውት ጀመር።

የሚሄዱበት ዕለት ጠዋት መነጽር ሠሪው እሳቸው ሳይነሱ ቀድሞ ዓሣውን ራሱ አበላ። ዓሣው ቀሰሙን እንዳየ ብርጭቆው ውስጥ ዘሎ ገባ፤ ማን እንደያዘው ዞሮ እንኳ አላየም፤ እስኪወጠር በላ። ከእንግዲህ ቤቱም ሱሪውም የራሱ ሊሆን ነው። ደስ ሊለው ሲገባ ግን ገንዳው ፊት ያለውን ባዶ ወንበራቸውን ደጋግሞ ያይ ጀመር።

ኮታቸውን ለብሰው ሻንጣቸውን ሲዘጉ ደረሰባቸው።

«እማማ፣ ዓሣው እኮ እምቢ አለኝ።»

«ምን?»

«ከትናንት ወዲህ ምንም አልቀመሰም። ከእርስዎ እጅ ካልሆነ አልበላም ብሏል መሰለኝ።»

ሻንጣውን ጥለው እያነከሱ ወደ ሳሎን ገቡ። ጎንበስ ብለው ማንዳሪኑን አንድ ጊዜ ከዚህ፣ አንድ ጊዜ ከዚያ አዩት። መነጽር ሠሪው ምንጣፉን ይመረምር ነበር።

«ይሄ ሆድ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ጦሙን ያደረ ሆድ አይመስልም።»

ወይዘሮ ብሉልኝ ቀና ብለው እሱን ደግሞ ዓሣውን ባዩበት ዓይን ረጋ ብለው አዩት። ከዚያ ኮታቸውን አወለቁ።

«በል፣ ቀሰሙን አምጣ።»