አልነሳም ያለው ዳታቤዝ

(የክሊኒክ ኮምፒውተር ክፍል። ሁለት ባልደረቦች ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው፣ እያንዳንዳቸው በየኮምፒውተራቸው ወደ አንድ ሰርቨር ገብተዋል። ሊቁ የሚባለው፣ ቅጽል ስሙን ያወጣለትም ራሱ ነው፣ ከጠዋት ጀምሮ አዲስ ዳታቤዝ እየጫነ ነው። የሕመምተኞች ካርድ ያለው እዚያ ውስጥ ስለሆነ ኮሪደሩ በወረፋ ተጨናንቋል። ዳታቤዙ ዛሬ ተነስቶ ካልሠራ ሥራው ለሌላ ሰው ይሰጣል ተብሏል። ረዳቱ ቀስበል ይባላል።)

ሊቁ፦ ኪቦርዱን ቀስ ብለህ ምታው። አናቴ ላይ ነው የምታንኳኳው።

ቀስበል፦ ቀስ ብዬ ስመታው የመታሁት አይመስለኝም።

ሊቁ፦ ለመሆኑ ምን እየሠራህ ነው?

ቀስበል፦ ያዘዝከኝን።

ሊቁ፦ በል ቀጥል። (ምን እንዳዘዘው ጠፍቶበታል፤ ሊቅ ሆኖ መጠየቅ ደግሞ ነውር ነው።) ይኸው ተነሳ። ይሄ ሊኑክስ የሚሉት የሰርቨር ሲስተም እንደ ፈረስ ነው፣ ጋላቢውን ያውቃል።

ቀስበል፦ (ጣ ጣ ጣ።) እሰይ።

ሊቁ፦ ወደቀ እኮ፤ ምን እሰይ አለው?

ቀስበል፦ የኔው ሥራ ቀንቶኝ ነው።

ሊቁ፦ ይሄ ተራ ብልሽት አይደለም። ሰው ገብቶብናል።

ቀስበል፦ በሩ ተቆልፏል።

ሊቁ፦ በኢንተርኔት ነዋ። በጣም የሠለጠነ ሰው ነው፣ እንደኔ ያለ።

ቀስበል፦ እንዳንተ ከሆነስ አያሰጋም።

ሊቁ፦ የውጭውን መስመር ንቀልልኝ። (ቀስበል ነቅሎ ተመለሰ።) እስቲ አሁን ከየት እንደሚመጣ አያለሁ። ተነሳ።

ቀስበል፦ (ጣ ጣ ጣ።)

ሊቁ፦ ወደቀ። (ላብ በላብ ሆነ።) በቃ፣ ጉዴ ፈላ። ወንድሜ፣ እውነቱን ልንገርህ፤ እኔ ይሄ ነገር ገብቶኝ አያውቅም። ሌሎች የጻፉትን እየገለበጥኩ፣ ሲሠራ መነጽሬን ማስተካከል ነው የኔ ሙያ።

ቀስበል፦ አይዞህ፣ እኔም ዛሬ አሳሬን አይቻለሁ። ገደልኩት ስል ይነሳል።

ሊቁ፦ ምኑ?

ቀስበል፦ ዳታቤዙ። ጠዋት አሮጌውን ስናጠፋ፣ «ቀና ባለ ቁጥር ግደለው» አላልከኝም?

ሊቁ፦ (ቀስ ብሎ ዞረ።) አሮጌው እኮ ከጠፋ ቆየ። ይሄ አዲሱ ነው።

ቀስበል፦ ተው አላልከኝማ። ልጠይቅህ ስልም «ሊቅ ሥራ ላይ እያለ አይጠየቅም» አልከኝ።

(ቀስበል እጁን ከኪቦርዱ አነሳ። ዳታቤዙ ተነሳ፤ ቆመም። ኮሪደሩ ላይ ስም መጠራት ጀመረ። የአለቃቸው የጫማ ኮቴ ወደ በሩ ሲቀርብ ተሰማ።)

ሊቁ፦ (በሹክሹክታ) ሲጠይቁኝ ምን ልበላቸው?

ቀስበል፦ «ማን ጠገነው?» ካሉህ «እኔ» በል። «ማን አበላሸው?» ካሉህም አትቸገር፤ መልሱ ያው ነው።