ቃል የለውም ባዩ

አንባቢ ሆይ፣ «ይህ ቋንቋ ለዚህ ነገር ቃል የለውም» የሚል ሰው አጋጥሞህ ያውቃል? ተጠንቀቀው። ብዙ ጊዜ ቃል ያጣው ቋንቋው ሳይሆን ሰውየው ነው። «እንዴት አወቅህ?» አትበለኝ፤ አፍሬም ቢሆን እነግርሃለሁ።

ሚዛን ከተማ ባለው የቡና ንግድ ቢሯችን አዲስ የኮምፒውተር ፕሮግራም መጣ። ስክሪኑ አናት ላይ የትእዛዝ ቃላት ተደርድረዋል። ሜኑ ይሉታል፤ የሚበላ ግን የለበትም። እንግሊዝኛውና አማርኛው ተሞልቶ የቤንችኛው ረድፍ ባዶ ነው። ሥራ አስኪያጇ፣ «አንተ የቤንች ልጅ አይደለህ? ሙላው» አለችኝ።

ከረባቴን አስተካክዬ፣ ጉሮሮዬን እንደ ምሁር ጠርጌ፣ «ቤንችኛ ‹አስቀምጥ› ለሚለው ቃል የለውም» አልኩ። አያቶቼ ሲዳኙበት፣ ሲዳሩበት የኖሩት ቋንቋ፣ እኔ ዩኒቨርሲቲ በገባሁ ማግስት ደኸየ!

ዘበኛችን ጋሽ በቀለ የእናቴ ጎረቤት ናቸው። ከበሩ ላይ ሆነው፣ «ልጄ፣ እናትህ ‹ለልጄ ሙዝ አስቀምጡለት› ስትል በምን ቋንቋ ነበር የምትለው?» አሉኝ።

ቢሮው በሳቅ ፈረሰ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ወንበሬን ለቅቄ አስቀመጥኳቸውና እሳቸው እየነገሩኝ ጻፍኩ፤ «አስቀምጥ»፣ «ፈልግ»፣ «ክፈት»። አንድም ቃል አልጠፋቸውም። መጨረሻ ላይ «ውጣ» የሚለው ብቻ ቀረ።

ጋሽ በቀለ ተነሥተው ኮፍያቸውን አጠለቁ።

«ይቺን እንኳ አንተው ሙላት። መውጣቱን ታውቅበታለህ።»

ያቺም ቃል ጠፍታኝ፣ ልጠይቃቸው እስከ በሩ ተከተልኳቸው።