ለየደጁ እኩል

ያን ቀን በአዲሱ ሰፈር ላይ አንድ ጠብታ አልወረደም። የቤቶቹ ቆርቆሮ በፀሐይ ይንጣጣል፣ ከጥጥ እርሻው የሚመጣው ነፋስ አፍ ያደርቃል። ደመናው ሩቅ፣ ደጋው ላይ ነበር። አዋሽ ዳር ያለነውን የሚወስደን ግን የሌላ አገር ዝናብ ነው።

በየሰፈሩ ሳይጠራ አካፋ ተሸክሞ የሚደርስ አንድ ሰው አይጠፋም። የእኛው ክቡር አቶ ፈንታ ነበሩ። እርሻው ላይ ሥራቸው ጥጥ ማጠጣት ነው፤ ውሃ ሲያካፍሉ አንዱን ትልም ከሌላው አያስበልጡም። ስለዚህ የልጅ ትኩሳትም ይሁን የባልና ሚስት ጠብ ቢነግሯቸው "ይኼ እኮ የውሃ ነገር ነው" ይላሉ። የጎረቤታችን የሰኢዳ ፍየል ምጥ ሲይዛት እንኳ "መንገድ ክፈቱላት፣ ይኼ እኮ የውሃ ነገር ነው" ብለው ተንበረከኩ። ፍየሏ በራሷ ወለደች፤ ምስጋናውን እሳቸው ተቀበሉ።

ሰፈሩን የሠሩት ሰዎች ቤቶቹን ሲደረድሩ የጎርፍ መውረጃ ረስተዋል። አቶ ፈንታ ማንም ሳያዛቸው ከላይ እስከ ታች ቦይ ቆፈሩ፣ ከቦዩም ወደየደጃችን ቅርንጫፍ አወጡ። ደስ አለን። እኔ በተለይ፤ የረድፉ መጨረሻ ቤት የእኔ ነው። የጭቃ ግድግዳው ከተናደ ከልጆቼ ጋር ሰፈሩ ሳይሠራ ወደነበርንበት የሳር ጎጆ መመለሴ ነው። ቤት መቀየር ሰልችቶኛል።

ያን ደረቅ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ደራሽ ውሃ መጣ። በቦዩ ወረደ፣ በቅርንጫፉ ታጠፈ፣ ከዚያም አንድም ቤት ሳያስቀር ገባ። አቶ ፈንታ በጥጥ ልማዳቸው እኩል አካፍለውን ነበር።

ሰኢዳ ጉልበቷ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆማ፣ ሰሌኗን ጭንቅላቷ ላይ ይዛ "ወላሂ ፈንታ፣ ጥጥ መሰልንህ እንዴ?" አለቻቸው።

"ትንሽ በዛ እንጂ..." አሉ።

"እንግዲህ ጠብቅ፣ ሳናብብ አንቀርም።"

የእኔን ግድግዳ ውሃው ከግርጌው በልቶታል። አቶ ፈንታ መጥተው በእጃቸው ዳሰሱትና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ "የውሃ ነገር ነው" ሳይሉ፣ አካፋቸውን አነሱ።

በማግስቱ ቅርንጫፎቹን በሙሉ ደፈኑ። ዋናውን ቦይ ግን ከሰፈሩ ግርጌ እስካለው ደረቅ ወንዝ ማድረስ ነበረባቸው፤ በቦዩና በወንዙ መሃል ያለው የራሳቸው ግቢ ነው። ግቢው ውስጥ ደግሞ ሚስታቸው እንኳ እንዳትነካው የተከለከለችው ፓፓያ አለ።

"ጋሽ ፈንታ፣ በእኔ በኩል ያዙሩት" አልኳቸው፣ ከልቤ ሳይሆን።

"በአንቺ በኩል ከዞረ ቤትሽን ይዞት ይሄዳል።" ፓፓያውን መቁረጥ ጀመሩ። "ጥጡም እኮ የተረፈው ውሃ መውጫ አለው። ማጠጣቱን ብቻ ሳስብ ረሳሁት።"

የሚቀጥለው ጎርፍ በደጄ አልፎ፣ በግቢያቸው ሾልኮ ወደ ወንዙ ገባ። ግድግዳዬ ቆመ። አቶ ፈንታ ቦዩ ዳር ሆነው፣ እሳቸው ካላዘዙት የሚቆም ይመስል፣ ውሃውን እንደ ከብት "ሂድ! ሂድ!" እያሉ ይነዱታል። ልስቅባቸው ወጥቼ ነበር። አጠገባቸው ቆምኩና አብሬያቸው "ሂድ" አልኩ።

እኔ እዚያው ቤት ነኝ። አቶ ፈንታ አርጅተዋል፤ አዋሽ ከተማ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ ሴት ልጃቸው ዘንድ ይኖራሉ።