እጇ አልከዳትም

እናቴን ያስረጀኋት እኔ ነኝ። ዕድሜ አይደለም፤ እኔ። ያውም በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ ለቅሶ ቤት ጓሮ፣ በጨው።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምርላችሁ። እዚህ ሐረር፣ ከግንቡ ውጭ ባለው ከተማ፣ ሥነ ሕይወት አስተምራለሁ። ሰው ይወለዳል፣ ይጎረምሳል፣ ይጎለምሳል፣ ያረጃል እያልኩ ሰሌዳ ላይ ቀስት ስሥል ዘመን ቆጠርኩ። ሰሌዳው ላይ ሁሉም ተራውን ጠብቆ ይሄዳል። ቤቴ ስገባ ግን ቀስቱ ይጠማዘዛል። ልጄ ጉርምስና ገብታ በር ሳታላትም መልስ አትሰጥም። እኔ ደግሞ አርባዎቹን አጋምሼ፣ ድንገት ከደረቴ እስከ ግንባሬ እሳት ይለቀቅብኛል፤ ጓዳ የገባሁበትን ጉዳይ እዚያው ጓዳ ውስጥ እረሳዋለሁ። እናቴ ሰባን ካለፈች ቆይታለች። ሦስት ሴት፣ አንድ መስታወት፤ መስታወቱም ሳይደክመው አይቀርም። ከሦስታችን ደህናዋ እናቴ ነበረች። ከኤረር በር ገበያ ሽንኩርቷን ገዝታ፣ ዳገቱን ራሷ ተሸክማ የምትወጣ ሴት።

በእድራችን የትልቁ ድስት ጨው የእሷ ሥራ ነበር። ለምን መሰላችሁ? በጾም ቀን ወጥ የምትሠራ ሴት አትቀምስም። ሌላዋ እየፈራች ቆንጠር ታደርጋለች። እናቴ ግን እንፋሎቱን ታሸታለች፣ ጨዉን በመዳፏ ትመዝናለች፣ አለቀ። ከቀብር የተመለሰ ሰው ሲጎርሰው ልክ ነው። «የእትዬ ዘነበች እጅ» ይባልላት ነበር።

ያን ዕለት ረቡዕ ነው። ጎረቤታችን አርፈው፣ ሴቶቹ ጓሮ ምስር ወጥ ጥደናል። እናቴ ጨዉን በመዳፏ መጥና በጣሳ ሰጠችኝና፣ «ሲንተከተክ ጨምሪው፤ እኔ ፍትሐት ልድረስ» ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች። ጨመርኩት። ወዲያው ስልኬ ጮኸ፤ ልጄ ናት፣ እንደ ልማዷ የማይፈለግ ነገር ጠፍቶባት ነው። እያወራሁ ያ እሳቴ ተለቀቀብኝ፤ ከጭሱ ሸሽቼ አጥር ሥር ነፋስ ፈለግሁ። ስመለስ ጣሳው የለም። አንዷ አንስታ አጥባዋለች። እኔም መጨመሬ ከአእምሮዬ ጠፍቶ፣ «ይኸው ጨዉን ሳልጨምር!» ብዬ ደንግጬ፣ ከከረጢቱ ዘግኜ ጨመርኩ። እናቴን እንዳላሳፍር አብዝቼ።

ድንኳኑ ውስጥ መጀመሪያ ጉርሻው ሁሉ አፍ ላይ ቆመ። ቀጥሎ ሰው ሁሉ ውኃ ጠየቀ። ሐረር ውስጥ በርሜል ውኃ በአንድ ማዕድ ማለቅ ምን ማለት እንደሆነ ለምታውቁት አልነግራችሁም።

ከእድሩ ሴቶች እትዬ አስካለ ሳህን ይዘው ወደ ጓሮ መጡ። ምላሳቸው ከበርበሬያቸው አይተናነስም።

«አቦ! ይኼ ምስር ነው ቀይ ባሕር?»

ሁሉም ዞሮ ከቀብር የተመለሰችውን እናቴን አየ። ማንም እኔን አላየም። ጥርጣሬ ሽበት ይወዳል። ያኔ የመጀመሪያው ጣሳ ትዝ አለኝ፤ እጄ ላይ የነበረው ክብደቱ ሳይቀር። አፌን ከፈትኩ። እውነቱን ልናገር ነበር። ግን ሴቶቹ ሁሉ እያዩ «ረስቼ ነው» ማለት፣ በእኔ ዕድሜ… አፌን ዘጋሁት።

«ዕድሜ ነው እንግዲህ፣ ምን ይደረጋል» አሉ እትዬ አስካለ፣ ድምፃቸውን አለስልሰው። «እትዬ ዘነበች፣ ከእንግዲህ ይረፉ። በቃዎት።»

ስድቡን ትችለው ነበር። ማለስለሱን ግን አልቻለችም። እናቴ መዳፏን ገልብጣ አየችው።

«እጄ ከዳኝ» አለች።

ከዚያ ወዲህ ያየሁት የማስተምርበት መጽሐፍ ላይ የለም። በሚቀጥለው ለቅሶ ወንበር አቀረቡላት፤ ተቀመጠች። ከኤረር በር የምትመለሰው በባጃጅ ሆነ፤ ሹፌሩ «እማማ፣ ቀስ» ብሎ ሲደግፋት፣ እውነትም ቀስ አለች። ግድግዳ መያዝ ጀመረች። በዓመቱ ከዘራ ተገዛ። ባለፈው ሳምንት ለራሷ ድንች ቀቅላ፣ ልጄን ጠርታ፣ «ነይ አንቺ ጨው ጣይበት፤ እኔ አላምነውም» ስትል ሰማሁ። እጇን ነው።

ከዚያ በላይ አልቻልኩም። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«እማዬ፣ ያን ቀን ጨዉን ሁለት ጊዜ የጨመርኩት እኔ ነኝ። እጅሽ ልክ ነበር።»

ፊቴን ትክ ብላ አየችውና ሳቀች።

«አይ የኔ ልጅ። ልታጽናኚኝ ነው አይደል?»

«ማርያምን! እውነቴን ነው።»

«ተይ! በውሸት ማርያምን አትጥሪ።»

«እሺ፣ ይቅር በይኝ።»

«ምን አድርገሽ?» አለችና ጉንጬን ዳበሰችኝ። «እንኳን ወለድኩሽ።»

እትዬ አስካለ ዘንድም ሄድኩ። ጨርሼ ሳልናገር ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ «ለእናቷ ብላ ጥፋቱን በራሷ የምትወስድ ልጅ! ወልደሽ ሳሚ፣ የሷን ዕድሜ ይስጥሽ» ብለው መረቁኝ። በማግስቱ ሰፈሩ ሁሉ መልካም ልጅነቴን ሲያወራ ዋለ። ኑዛዜዬ ምርቃት ሆኖ ተመለሰልኝ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ሊሆን ይችላል። ግን አንዳንዱ እውነት ሲዘገይ የሚያምነው ሰው ያጣል፤ እናቴ እርጅናዋን ተቀብላ፣ ለምዳ፣ ለከዘራዋ ከበሩ ጀርባ ማስቀመጫ አበጅታ ሳለ፣ «አላረጀሽም» ብዬ ብመጣ ማን ይሰማኛል? ይቅር ትበለኝ ብል ደግሞ በደሌን አታምንም።

እናንተ ግን ሰምታችኋል፤ ጣሳውንም፣ ከረጢቱንም፣ አፌን መዝጋቴንም። በእሷ ፈንታ እናንተ ይቅር በሉኝ።