እግርሽ ይታጠፋል?

ትናንት ሌሊት በሕልሜ ሹፌር ሆኜ አደርኩ።

የተኛሁት አንድ ጥያቄ እያላመጥኩ ነበር። የጓደኛዬ የዘቢደር ሠርግ ዛሬ ነው፤ ሚዜዋ እኔ ነኝ። "አንቺ ሳትደርሺ ከእናቴ ቤት ንቅንቅ አልልም" ብላኛለች። እኔ የምሄደው በዊልቸር ነው። ጠዋት በስልክ የምንጠራው ታክሲ ሲደውል ይህን ልንገረው ወይስ ዝም ልበል? ስነግራቸው "ይቅርታ እኅቴ፣ ጎማ ተነፈሰብኝ" ይላሉ። ሳልነግራቸው ስቀር መጥተው ከሩቅ ያዩኝና መንገድ እንደጠፋበት ሰው አልፈውኝ ይሄዳሉ። ዘቢደር "ምን አስለፈለፈሽ? ሲመጣ ያይ የለም?" ትላለች። እናቴ ደግሞ "ሰው ድንገተኛ ነገር አይወድም፤ አስቀድመሽ ንገሪው" ትላለች። በሁለቱ መካከል እንቅልፍ ወሰደኝ።

በሕልሜ መሪ ጨብጫለሁ። መኪናዬ ወንበር የላትም። ከኋላ በሯ እንደ ምላስ የሚዘረጋ ሳንቃ ነበራት፤ ተሳፋሪው ሁሉ በየራሱ ዊልቸር እየተንከባለለ ይገባል። ከተማው በሙሉ በጎማ ነበር የሚሄደው። ዳቦ ሻጩ በጎማ፣ ዳኛው በጎማ፣ ሌባውም በጎማ፣ አባራሪውም በጎማ። ደረጃ የቀረው ሙዚየም ውስጥ ብቻ ነበር። ተማሪዎች ለጉብኝት እየመጡ "ይሄ ለምን ያገለግል ነበር?" ብለው ይጠይቃሉ። አስጎብኚውም "በእርግጠኝነት አይታወቅም" ይላቸዋል።

ስልኬ ጮኸ።

"ሄሎ፣ ተሳፋሪ ነኝ" አለች አንዲት ሴት በለሆሳስ።

"ዕቃ ይዘሻል?"

"ትንሽ" አለች።

ሄድኩ። ዘቢደር ነበረች። የሙሽራ ቀሚሷን ለብሳ ከአጥር ጀርባ አጎንብሳለች። ስታየኝ ቀና አለች። ቀና አለች፣ ቀና አለች፣ አሁንም ቀና አለች። እግር ነበራት።

"ዘቢደር! እግር እንዳለሽ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ትንሽ ዕቃ አለኝ ብዬሻለሁ።"

"ይሄ ትንሽ ነው? ስንት ነው?"

"ሁለት።"

"ሁለት!"

"ብነግርሽ ትመጪ ነበር?"

"እንዴታ!" ልላት ፈለግሁ። አፌ አልከፈት አለ። አውራ ጣቴ በገዛ ፈቃዱ ተነሥቶ በስልኩ ላይ ወደ "ሰርዝ" መጓዝ ጀመረ። በሌላው እጄ ያዝኩት። ታገለኝ። ዘቢደር ሁሉንም ታይ ነበር። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ "ሠርጌ ነው እኮ" አለች።

አፈርኩ። ጣቴን ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።

"ይታጠፋሉ?" አልኳት። ድምፄ የማውቃቸውን ሹፌሮች ሁሉ ይመስል ነበር።

"ጉልበታቸው ላይ ይታጠፋሉ።"

"ይነቀላሉ?"

"አንቺ ልጅ!"

"ባትሪ አላቸው?"

"ቁርስ ከበላሁ ይሠራሉ።"

ውስጥ አልሆነላትም። የምትቀመጥበት የለም፤ ብትቆም ጣሪያው አንገቷን ይሰብራታል። ስለዚህ ከነቀሚሷ የዕቃ መጫኛው ፖርቶመጋላ ላይ ወጣች፤ ለበዓል እንደተገዛ በግ በገመድ አሰርኳት። ማንም አልገረመውም። በአጠገባችን ያለፈው ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ሰዎች ታስረው "ባ!" ይሉ ነበር። ውስጥ የተቀመጡት በጎች ረዳቱን "ወራጅ አለ!" እያሉ ይጮኹበታል።

አደባባዩ ላይ ነጭ ኮፍያ ያደረገች ፍየል ፊሽካ ነፍታ አስቆመችን።

"ምን ጭነሻል?"

"ሙሽራ።"

"እግር አላት እኮ። ቀድማ አሳውቃለች?"

ዘቢደር ከጣሪያው ላይ ጮኸች።

"አንቺስ አራት አለሽ! ለማን አሳወቅሽ?"

ፍየሏ ወደ ታች አየች። ቆጠረች። የፊቶቹን ቆጥራ ወደ ኋላ ዞር ስትል ክው አለች።

"እመቤቴ፣ ለአለቃዬ እንዳትነግሩብኝ" ብላ ፊሽካዋን ዋጠች። ከዚያ ወዲያ በተነፈሰች ቁጥር መኪናው ሁሉ ቀጥ ብሎ ይቆም ጀመር። እኛ ግን አምልጠናል።

የሠርጉ አዳራሽ በር እስከ ወገብ ብቻ የሚደርስ ነበር። ዘቢደር አጎንብሳ ስትገባ ባልቴቶች ዊልቸራቸውን እያሽከረከሩ ከበቧት።

"ውይ ልጄ! እንዲህ ሆነሽ ልታገቢ? ጎበዝ!"

"ስትወለጂ ጀምሮ ነው ወይስ ኋላ የበቀለ?"

"ፀበል ሞክረሻል?"

አንዷ እቅፍ አበባዋ ውስጥ ሳንቲም ጣል አደረገችላትና "አይዞሽ፣ እሱ ያውቃል" አለች። ዘቢደር ዞር ብላ አየችኝ። ልትስቅ ነው ወይስ ልታለቅስ፣ አልለይ አለኝ። እኔ ቀድሜ ሳቅሁ። ከዚያ እሷም ፈነዳች፤ ባልቴቶቹም ምን እንደሆነ ሳይገባቸው ተከተሉን።

ዘፈን ተነሣ። ሰዉ በዊልቸር ይሾር ጀመር። ዘቢደር መሾር አልቻለችም፤ እኔ መዝለል አልቻልኩም። ግን ትከሻ ሁላችንም ነበረን። ትከሻዬን ሰጠኋት፣ ትከሻዋን ሰጠችኝ። እስክስታው አዳራሹን ከመሬት አነሣው፤ እውነቴን ነው፣ መብራቶቹ ከእግራችን በታች ሆኑ። ፍየሏ ከደጅ በሆዷ ታፏጭልናለች። ከደስታዬ ብዛት እልል ልል አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን የስልክ ጥሪ ነበር።

ነቃሁ። ነግቷል። ስልኬ ይጮኻል። እናቴ እንድተኛ ብላ ታክሲውን እሷ ጠርታዋለች።

"ሄሎ፣ ሱልጣን ነኝ፣ ሹፌሩ።"

ለማሰብ ጊዜ አልነበረኝም።

"በዊልቸር ነው የምሄደው" አልኩት። "ጓደኛዬን ልድር ነው። የምትሰርዘኝ ከሆነ አሁኑኑ ሰርዘኝ፤ ደጅ አውጥተህ አታቁመኝ።"

ዝም አለ። ያንን ዝምታ አውቀዋለሁ፤ ጎማ የሚተነፍሰው ከእሱ ቀጥሎ ነው።

"ዊልቸሩ ችግር የለውም፤ እንጭነዋለን" አለ በመጨረሻ። "ከተነጋገርን አይቀር ግን እኔም ልንገርሽ። ይቺ መኪና የኋላ ማርሽ የላትም።"

"ምን ማለት ነው?"

"ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ አትሄድም። ሰው ይህን ስነግረው ይሰርዘኛል፤ ዛሬ አልናገርም ብዬ ነበር፤ አንቺ ስትናገሪ አፈርኩ።"

እናቴ ጆሮዋን ስልኩ ላይ ለጥፋ ኖሯል። "ሰርዢው!" አለች። "በሠርግ ቀን ደግሞ!"

"እማማን ሰማኋቸው" አለ ሱልጣን። "ግን እኮ መጥቻለሁ። የቤት ቁጥሩን ሳነብ በራችሁን ትንሽ አለፍኩት እንጂ። መንገዱ ጠባብ ነው፣ መዞሪያ የለውም። የሚገፋ ሰው ይገኝ ይሆን?"

እናቴን አየኋት። አንድ ጊዜ ተነፈሰችና ነጠላዋን ወገቧ ላይ ታጠቀች። ታላቅ ወንድሜ ፊቱን ሳሙና እንደተቀባ ከመታጠቢያ ቤት ብቅ አለ፤ እጅጌውን እየሰበሰበ።

"ወንድሜ ሱልጣን" አልኩት፣ "እኛ ቤት ከመግፋት ሌላ ሙያ የለም። ፍሬኑን ልቀቅ።"