ጋሽ ማንአይቶት እና ያልተከፈተው ፖስታ

ጡረታ የወጣ የፊዚክስ መምህር የማይኖርበት ሕንጻ በዓለም ላይ የለም። አለ የሚል ሰው ካለ የራሱን ሕንጻ ደረጃ ቀስ ብሎ ይውጣ። አንድ በር ገርበብ ብሎ ያገኛል፤ ከበሩ ጀርባ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ አዛውንት መነጽራቸውን እየፈለጉ ይሆናል። ሰላም ብሎ ካለፈ አለፈ። "ምን አዲስ ነገር አለ?" ብሎ ከጠየቀ ግን የቀጠረውን ሰው ከወዲሁ ይቅርታ ይጠይቅ።

የእኛው አዛውንት ሦስተኛ ፎቅ ነው የሚኖሩት። ትክክለኛ ስማቸውን የሚያስታውስ የለም፤ ሕንጻው በሙሉ የሚያውቃቸው "ጋሽ ማንአይቶት" በሚለው ማዕረጋቸው ነው። ማዕረጉንም በከንቱ አላገኙትም። ውሃ መጣ ወይ ስትሏቸው "ማን አይቶት?" ይላሉ። ዘንቦ ነበር ወይ ስትሏቸውም "ማን አይቶት?" ይላሉ፣ ሱሪያቸው እስከ ጉልበታቸው ርሶ። ባለቤታቸው ልብስ ሰፊ ናቸው፤ መርፌውን ከአፋቸው ሳያወጡ "እኔ ጨው በዛ ወይ ብዬ ከጠየቅኋቸው ሠላሳ ዓመቴ ነው፤ መልሱን ገና እየጠበቅሁ ነው" ይላሉ።

ስለ እሳቸው እጽፋለሁ ብዬ ስዝት ኖሬያለሁ። አሁን ብዕር ያስነሳኝ ግን ባለፈው ዓመት የሆነ ነገር ነው። ባለቤቴ ጡቷ ላይ እብጠት አግኝታ ናሙና ተወስዶላት ውጤቱን እየጠበቅን ነበር። (አሁን ደህና ናት፤ ይህን ስጽፍም ከጀርባዬ ቆማ "አጋነንክ" እያለችኝ ነው።) እዚያ ከመድረሴ በፊት ግን ሰውየውን በደንብ እወቋቸው።

የደረጃው መስኮት የተሰበረ ጊዜ የሕንጻው ኮሚቴ ተሰበሰበ። ሰብሳቢዋ ነርስ ናቸው፤ ነገር ሲንዛዛ አይወዱም። ኳሷ የአራተኛ ፎቅ ልጆች መሆኗን፣ የተገኘችውም ከመስኮቱ ሥር መሆኑን በሁለት ዓረፍተ ነገር አስረድተው ጨረሱ። የሦስተኛው ፎቅ ሊቀ ጠበብት እጃቸውን አወጡ። "ኳሷ ከልጁ እግር ስትነሳ ታይታለች። መስኮቱ ሥር ወድቃም ታይታለች። በመካከል ግን ማን አይቷት?" ብለው ጀመሩ። አርባ ደቂቃ ፈጀ። ኳስማ ትልቅ ስለሆነች መንገድ አላት አሉ፤ ወደ ጥቃቅኑ ዓለም ስንወርድ ግን በመነሻና በመድረሻ መካከል መንገድ የሚባል ነገር ስለመኖሩ ዋስ የሚሆን ሰው እንደሌለ ገለጹ። የልጆቹ አባት ብድግ ብሎ አጨበጨበ።

ሰብሳቢዋ "ጋሼ፣ መስታወቱ ግን ተሰብሯል" አሉ።

"እሱንስ አየነው" ብለው ቁጭ አሉ።

ሌላ ጊዜ ደግሞ የመታጠቢያ ቤታቸው ውሃ በእኔ ጣሪያ መንጠባጠብ ጀመረና ቧንቧ ሠራተኛ ይዤ ወጣሁ። ሠራተኛው መፍቻውን እንደያዘ "ውሃው በየት በኩል ነው የሚያልፈው?" ብሎ ጠየቀ። የዋህ ነው፤ ምን እንደነካ አላወቀም። እሳቸው ቤት ገብቶ "በየት በኩል" ብሎ የጠየቀ ሰው በቶሎ አይወጣም። ዓይናቸው በራ፣ መጋረጃውን ዘጉ።

ጥቁር ቀለም የተቀባች የመስታወት ቁራጭ አለቻቸው። ሁለት ምላጭ አንድ ላይ ቆንጥጠው ቀለሙን አንድ ጊዜ ጭረውታል፤ ሁለት ጎን ለጎን የሆኑ፣ በዓይን ለመለየት የሚያስቸግሩ ጭረቶች ናቸው። ከኋላ ቀይ ሌዘር አበሩባት። እኔ ግድግዳው ላይ ሁለት ቀይ መስመር ጠብቄ ነበር። የወጣው ግን ረጅም ረድፍ ነው፤ ብርሃን፣ ጨለማ፣ ብርሃን፣ ጨለማ እያለ ወደ ጎን ይሄዳል።

"ይህ ጨለማ ቦታ አንዱ ጭረት ብቻ ሲከፈት ብርሃን ያገኛል" አሉ፣ የተኛ ሕፃን እንዳይቀሰቅሱ እንደሚጠነቀቅ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ሁለቱም ሲከፈቱ ይጨልማል። ብርሃን ላይ ብርሃን ተጨምሮ ጨለማ! በትልልቆቹ ቤተ ሙከራዎች ደግሞ ብርሃኑን ፍንጣሪ በፍንጣሪ፣ አንድ በአንድ ይልኩታል። አንዱ ደርሶ ነጥብ ሆኖ ካረፈ በኋላ ነው ሌላው የሚነሳው። ነጥቡ ሲጠራቀም ይህንኑ ረድፍ ይሠራል። እያንዳንዱ የመጣው ለብቻው ነው፤ ታዲያ እዚህ ጨለማው ላይ እንዳታርፍ ብሎ ማን ነገረው? በየትኛው ጭረት እንዳለፈ የሚያይ ዘበኛ ስታቆም ደግሞ ረድፉ ድራሹ ይጠፋል።"

ቧንቧ ሠራተኛው መፍቻውን መሬት አስቀመጠ። "አባቴ፣ ይሄማ ሊሆን አይችልም።"

"አይችልም፤ ግን ይሆናል።"

"እሺ ምክንያቱስ?"

"እሱ ላይ ነው ሊቃውንቱ እንደ ወንድማማች የተጣሉት። አንዱ፣ ሳታይ ምን ነበረ ብለህ አትጠይቅ ይላል። አንዱ፣ የማይታይ ማዕበል መንገድ ይመራዋል ይላል። ሌላው ደግሞ ሊሆን የሚችለው ሁሉ ይሆናል፣ የምትከፈለው ዓለም ራሷ ናት ይላል። ሒሳቡ ላይ ሁሉም ይስማማሉ። የተጣሉት ሒሳቡ ስለ ምን እንደሚያወራ ነው።"

እኔ በሰው ላይ ማሾፍ የሚቀናኝ ሰው ነኝ፤ ያን ቀን ግን ግድግዳው ላይ አፈጠጥኩ። ግድግዳው የማውቀው ግድግዳ ነው፤ ቀለሙ የተላጠ፣ ያለፈ ዓመት የቀን መቁጠሪያ የተሰቀለበት። እዚያ ላይ ያ ረድፍ ዝም ብሎ ተዘርግቷል፤ ዓለም ከሥሯ ምን እንደሆነች እስከ ዛሬ እርግጡን የሚያውቅ የለም ማለት ነው። ፈራሁ፤ ደግሞም እንዲህ ባለ ዓለም ውስጥ በመኖሬ ደስ አለኝ። ቧንቧ ሠራተኛው በሁለተኛው ቀን መሣሪያውን ሳይዝ ተመልሶ መጣና "እንቅልፍ ነሱኝ እኮ" አላቸው። ጣሪያዬ ዛሬም ያንጠባጥባል።

የባለቤቴን ውጤት ከሆስፒታል የተቀበልኩት እኔ ነኝ። እሷ ከሥራ መውጣት ስላልቻለች "አንተ ተቀበልልኝ" ብላኝ ነበር። ፖስታው ታሽጎ ስሟ ተጽፎበታል። ኮት ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። ቤት ስገባ "ሰጡህ?" አለችኝ፤ "ገና ነው አሉ" አልኩ። በማግስቱም ጠየቀችኝ፤ "ገና ነው" አልኩ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ። ከሰው ሁሉ መርጬ እሳቸው ዘንድ የሄድኩት የምፈልገውን መልስ የሚሰጡኝ እሳቸው ብቻ ስለመሰሉኝ ነው።

ፖስታውን ጠረጴዛቸው ላይ አኖርኩና "ጋሼ፣ እስካልተከፈተ ድረስ ሁለቱም ነው አይደል? ታማለችም፣ አልታመመችምም። ማን አይቶት?" አልኳቸው።

ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር፤ ትምህርታቸውን በቃሌ መለስኩላቸው እኮ። ፊታቸው ጠቆረ።

"አይደለም" አሉ።

በዘጠኝ ዓመት ጉርብትና እንዲህ ያለ ቁርጥ ያለ መልስ ከአፋቸው ሰምቼ አላውቅም።

"ስማኝ ልጄ። የዚያ የፍንጣሪው ነገር ሌላ ነው፤ መልሱ ከእኛ ተደብቆ ሳይሆን፣ ብዙዎቹ እንደሚሉት፣ መልሱ ራሱ ገና የለም። እዚህ ውስጥ ያለው ግን በቀለም የተጻፈ ነው። የጻፈው ሐኪም ያውቃል፣ ወረቀቱ ይዞታል። የማታውቀው አንተ ነህ። አለማወቅና አለመሆን አንድ አይደሉም።" ፖስታውን አንስተው እጄ ላይ አስቀመጡት። "አርባ ዓመት ያስተማርኩት ሰው እንዲገረምበት ነው እንጂ እንዲደበቅበት አይደለም። የማን ስም ነው ያለበት?"

"የእሷ።"

"ታዲያ እኔ ቤት ምን ይሠራል?"

ነጠላ ጫማቸውን እንዳጠለቁ ክንዴን ይዘው አብረውኝ ወረዱ። የቤቴ በር ላይ ስንደርስ ለቀቁኝ። "ከዚህ ወዲያ የሁለታችሁ ነው" አሉ።

ባለቤቴ ከሥራ ገብታ ጫማዋን እያወለቀች ነበር። ፖስታውን ሰጠኋት። ላዩ ላይ በማኅተም የተመታውን ቀን አየች፤ ቀጥላ እኔን አየችኝ። ከዚያ ከፈተችውና ቆማ አነበበችው፤ ለእኔም ሰጠችኝ። ካንሰር ነው ይላል። ትንሽ ነው፤ ሳይውል ሳያድር ቀዶ ሕክምና ይደረግላት ይላል።

አላለቀሰችም። "ሦስት ቀን" አለች። "ሦስት ቀን ሙሉ እኔ ለብቻዬ፣ አንተ ለብቻህ። አብረን መፍራት ስንችል።"

ይቅርታ ለማለት አፌን ከፈትኩ። እጄን ያዘችኝ። እንዲያ ሆነን ሳለን ከበሩ ውጭ ሳል ሰማን።

ስከፍተው ጋሽ ማንአይቶት ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል፤ ቀዝቃዛው ሲሚንቶ ላይ፣ ጉልበታቸውን አቅፈው። ሲያዩኝ ለመነሳት ታገሉ። "ልሄድ ነበር እኮ" አሉ። ዓይናቸው ቀልቷል። እኚህን ሰው ምን ያህል እንደምወዳቸው ያወቅሁት ያኔ ነው።

ባለቤቴ ከውስጥ ሆና ጠራቻቸው።

"ይግቡ እንጂ ጋሼ። ሦስት ሆነን እንፍራ።"